ጄኔራል ሪላቲቪቲ በስንተኛ ዓመት ይሰጥ?

ባሕር ዳር ላይ የፊዚክስ መምህር መሆን ቀላል ሥራ አይደለም። ጣና ሐይቅ ይሁን ፋሲሎ ትምህርት ቤት፣ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ተማሪ ስለ ተዳፋትና ስለ ሰበቃ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ ብላክ ሆል ነው። ቲክቶክ ላይ አይቶ ነው የመጣው። «ቲቸር፣ እውነት እዚያ ጊዜ ይቆማል?» ይላል። መምህሩ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዓመታት ፊዚክስ ተምሯል። የማክስዌልን እኩልዮሾች ያውቃል፣ የሽሮዲንገርንም ፈትቷል። ለዚች ጥያቄ ያለው መልስ ግን ልጁ ካየው ቪዲዮ ብዙም አይሻልም።

ይህን በመምህሩ ማሳበብ አይቻልም። ማን አስተማረውና? በአገራችን የፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ውስጥ የአንስታይን ልዩ አንጻራዊነት፣ ማለትም የ1905ቱ፣ «ዘመናዊ ፊዚክስ» በሚባለው ኮርስ ይሰጣል። የ1915ቱ አጠቃላይ አንጻራዊነት፣ ማለትም የስበት ንድፈ ሐሳቡ፣ ተማሪው ጄኔራል ሪላቲቪቲ የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለማስተርስ ይተዋል። ማስተርስ ያልቀጠለ ሳያየው ይቀራል። አብዛኛው ተመራቂ ደግሞ አይቀጥልም፤ ጠመኔ ይዞ ክፍል ይገባል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ራሱ ሲጀመር የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ ነበር። በ2000 ከፖሊ (ከፖሊቴክኒክ ተቋሙ) ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ እንጂ መነሻው ይኸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ለእኔ አከራካሪ አይደለም። የሚያከራክረው የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቦታውን ከሒሳብ መሰላል ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። ካልኩለስ፣ ከዚያ ሊኒየር አልጀብራ፣ ከዚያ ቴንሰር (ግርጌና ራስጌ ፊደል የሚደረደርባቸው የሒሳብ መጠኖች)፣ ከዚያ ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ (የጎበጠ ቦታ ሒሳብ)፣ ከዚያ ምናልባት አንስታይን። እዚያ ጫፍ ላይ ማንም አይደርስም። እኔ የማምነው ቦታው ከሜካኒክስ ጎን ነው። ተማሪው ላግራንጂያንን (እንቅስቃሴን ከኢነርጂ ተነስቶ የማስላት ዘዴን) እንደጨረሰ፣ ገና እጁ ሳይቀዘቅዝ።

እንዴት እንደተገለለ ማወቅ ግን አይከፋም። ከ1915 በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል በዚህ ንድፈ ሐሳብ የሚለካ ነገር ጥቂት ነበር። የሜርኩሪ ምህዋር አለ፣ በፀሐይ አጠገብ የሚታጠፍ ብርሃን አለ፣ በስበት የሚቀላ ብርሃን አለ። ሦስተኛው እንኳ አጥጋቢ ሆኖ የተለካው ፓውንድና ሬብካ በ1959 እና 1960 ሃርቫርድ ውስጥ 22.5 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ ላይ ሲሞክሩት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶቻቸውን ሲቀርጹ የወረሱት ይህንን ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ኩዌዛሮች መጡ፣ ፐልሳሮች መጡ። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የአሜሪካው መመርመሪያ ሊጎ የስበት ሞገድን ያዘ። በ2019 የብላክ ሆል ምስል ወጣ። የ2017ም የ2020ም የፊዚክስ ኖቤል ለዚሁ ዘርፍ ሄደ። የኮርስ ዝርዝሩ ግን ባለበት አለ።

ጣና ዳር ላይ ከኖቤል የቀረበ ምክንያትም አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተቋም አለው። ጂፒኤስ ተሸክመው ቦታ የሚለኩ ባለሙያዎች የሚወጡት ከዚያ ነው። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አዮኖስፌርን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን የአየር ንብርብር፣ ያጠናል። ከተማዋ ለማግኔቲክ ኢኳተር ቅርብ ስለሆነች የጂፒኤስ ምልክት በላያችን ሲያልፍ ይንገላታል፤ ለተመራማሪ ግን ይህ ዕድል ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ ጂፒኤስን የሚጠቀምም፣ የሚያጠናም ሰው ሞልቷል። ጂፒኤስ ደግሞ ያለ ጄኔራል ሪላቲቪቲ በትክክል አይሠራም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ ከመሬት በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በሰከንድ 3.9 ኪሎ ሜትር ግድም ይከንፋሉ። እያንዳንዱ አቶሚክ ሰዓት ተሸክሟል። ሰዓቱ በፍጥነቱ የተነሳ በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ልዩ አንጻራዊነት ነው፤ ተማሪው ተምሮታል። ሰዓቱ ከመሬት ርቆ ከፍ በማለቱ ደግሞ በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ይህ አጠቃላይ አንጻራዊነት ነው፤ ተማሪው አልተማረውም። ሁለቱ ሲቻቻሉ ሰዓቱ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማል።

እስቲ ይህን ልብ በሉት። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚያስተምረው ትንሹን ክፍል ነው። ትልቁን፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄደውን፣ ይተወዋል። በሁለተኛ ዓመት እውቀቱ ብቻ የሚያሰላ ልጅ የሳተላይቱ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል ብሎ ይደመድማል። ሰዓቱ ግን ይቀድማል። ግማሽ እውቀት እዚህ ጋ መልሱን በጥቂቱ ብቻ አያዛባውም፤ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክቱን ራሱ ይገለብጠዋል።

መሐንዲሶቹም መጀመሪያ ላይ ተጠራጥረው ነበር። በ1977 ኤንቲኤስ-2 የተባለው የሙከራ ሳተላይት ሲመጥቅ ማስተካከያው ተገጥሞለት ነበር፣ ግን አልተከፈተም። ለ20 ቀን ያህል ሰዓቱን ዝም ብለው አዩት። አንስታይን ባለው ልክ ቀደመ። ከዚያ ማስተካከያውን ከፈቱት። ዛሬ የሳተላይቶቹ ሰዓት ገና መሬት ላይ እያለ በ10.23 ሜጋኸርዝ ፋንታ በ10.22999999543 ሜጋኸርዝ ይቃኛል። ላይ ሲወጣ ልክ ይመጣል።

ስለዚሁ ጉዳይ በየቦታው የምትደጋገም አንዲት ቁጥር አለች። «ይህ ባይስተካከል ጂፒኤስ በቀን 11 ኪሎ ሜትር ይሳሳት ነበር» ትላለች። 38 ማይክሮ ሰከንድን በብርሃን ፍጥነት ብታባዙ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ማባዛቱ ልክ ነው። ነገር ግን የሁሉም ሳተላይት ሰዓት እኩል ከቀደመ ተቀባዩ ያንን የጋራ ስሕተት ከራሱ ሰዓት ስሕተት ጋር አብሮ ያጣፋዋል። ስለዚህ አባይ ማዶ ያለ ሰው ስልኩ በማግስቱ 11 ኪሎ ሜትር ፈቀቅ አድርጎ አያሳየውም። እውነተኛው ራስ ምታት ሌላ ነው። የሳተላይት ምህዋር ፍጹም ክብ አይደለም። ወደ መሬት ቀረብ ሲል ሰዓቱ ይዘገያል፣ ራቅ ሲል ይፈጥናል። ይህ ለእያንዳንዱ ሳተላይት ይለያያል፤ በርቀት ሲመነዘር ሜትሮች ይሆናል፤ ተቀባዩም እያንዳንዷን ለብቻ አስልቶ ማረም አለበት። የወሰን ክርክር ያለበት ማሳ ላይ ሜትሮች ስንት ዋጋ እንዳላቸው ለጎጃም ሰው አልነግረውም። (ሁለት ተቀባይ አቀናጅቶ የሚለካ ባለሙያ አብዛኛው ስሕተት ይጣፋለታል። ቢሆንም ምን እንደጠፋለት ቢያውቅ አይጎዳውም።)

እዚህ ድረስ ያለው ነገር አንድም ቴንሰር አልጠየቀም። ለሳተላይቱ የኒውተን የስበት ፖቴንሻል ይበቃል፤ መሬት ላይ ላለ ከፍታ ደግሞ የከፍታ ልዩነትን በስበት ፍጥነት መጨመሪያ አባዝቶ ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ማካፈል በቂ ነው። በአንድ ሜትር ከፍታ ሰዓት ከ10 ሺህ ትሪሊዮን አንድ እጅ ያህል ይፈጥናል። ጣና ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ይላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ያለ ሰዓት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በቀን 17 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። በዓመት 6 ማይክሮ ሰከንድ መሆኑ ነው። ራስ ደጀን ላይስ? ለቤት ሥራ ይሁን።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2010 አሜሪካ ውስጥ ሁለት የኦፕቲካል ሰዓቶችን ተጠቅመው የ33 ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት በሰዓት ብቻ ለይተዋል። በ2022 በአንድ ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ልዩነት ታይቷል። ሰዓት ከፍታ መለኪያ እየሆነ ነው። የጣና ውኃ ልክ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ በር በሚስተካከልበት ከተማ፣ ከፍታን በትክክል መለካት ለማን እንደሚጠቅም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ እንምጣ። «ልጆቹ ሒሳቡን አይችሉትም» ይባላል። እውነት አለው። ፊዚክስን ፈልጎ የሚገባ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ተመድቦ የሚመጣው ይበዛል። ከሒሳብ ጋር የተኳረፈም አለ። ግን ጥያቄው የትኛው ሒሳብ ነው።

ይህን ኮርስ ማስተማሪያ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ሒሳቡን በሙሉ አስቀድሞ ፊዚክሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል። ሴሚስተሩ የሚያልቀው ግርጌና ራስጌ ላይ በተደረደሩ ፊደላት ነው፤ ተማሪው ፕላኔት ሳያይ ይፈተናል። ሁለተኛው የአንስታይንን እኩልዮሽ አንድ መልስ «ይኸውላችሁ» ብሎ ይሰጥና ፊዚክሱን ከዚያ ይጀምራል። እኩልዮሹ ራሱ የሚመጣው በስተኋላ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሃርትል በ2003 መማሪያ መጽሐፉን ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ያዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። እኔም የምደግፈው ይህንን ነው። ማክስዌልንም ቢሆን እኮ የምናስተምረው ከኩሎምብ ጀምረን ነው። መጀመሪያ አራቱን እኩልዮሾች ፈትታችሁ ኑ ያልነው ተማሪ የለም።

የሚሰጠው መልስ የሽዋርዝቺልድ ሜትሪክ ነው። ካርል ሽዋርዝቺልድ ያገኘው የአንስታይን ጽሑፍ በወጣ በሳምንታት ውስጥ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር ውስጥ እያገለገለ ነው። በ1916 ግንቦት ላይ በሕመም ሞተ። የእሱ መልስ በአንዲት ክብ አካል ዙሪያ ጊዜና ርቀት እንዴት እንደሚለኩ ይናገራል። ፀሐይም፣ መሬትም፣ ብላክ ሆልም እዚያው ውስጥ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ የታወቀ ነው። በሜካኒክስ ኮርስ በማዕከላዊ ኃይል የሚዞር አካልን ፈትቷል። ላግራንጂያኑን ይጽፋል፣ ኢነርጂና አንጉላር ሞመንተም እንደማይለወጡ ያያል፣ ችግሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያወርደዋል። እዚያ የሚያገኘው «ውጤታማ ፖቴንሻል» ሁለት ቁራጭ አለው። አንዱ የኒውተን ስበት ነው፤ ይስባል። ሌላው ከአንጉላር ሞመንተም የመጣ ነው፤ ይገፋል። ፕላኔት ፀሐይ ላይ የማይወድቀው በሁለተኛው ነው።

በሽዋርዝቺልድ ሜትሪክ ላይ ይህንኑ ሥራ ብትደግሙት፣ ያንኑ ላግራንጂያን፣ ያንኑ የማይለወጡ መጠኖች፣ የሚወጣው ያው ነው። ሁለቱ ቁራጮች ባሉበት አሉ። አንዲት ሦስተኛ ብቻ ትጨመራለች። እሷም ትስባለች፤ መጠኗ ርቀቱ ሲጨምር በሦስተኛ ኃይሉ ይቀንሳል። ሩቅ ላይ ኢምንት ናት። ቅርብ ላይ ግን ሁሉንም ትበልጣለች።

የዚች ቁራጭ ሥራ ብዙ ነው። ሜርኩሪ ላይ ምህዋሩ በየዙሩ 0.1035 የቅስት ሰከንድ ያህል (የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) እንዲዞር ታደርጋለች። ሜርኩሪ በመቶ ዓመት 415 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሲባዛ 43 የቅስት ሰከንድ ይሆናል። ይህ ከ1859 ጀምሮ፣ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሌቬሪየ ጉዳዩን ካነሳ ጊዜ አንስቶ፣ የኒውተን ደቀ መዛሙርትን እንቅልፍ የነሳ ጉድለት ነው። ያቺው ቁራጭ ብላክ ሆል አጠገብ ደግሞ የሚገፋውን ክፍል ታሸንፈዋለች። አንጉላር ሞመንተም ቢኖርህም አያድንህም፤ ትወድቃለህ። ለዚያ የቲክቶክ ልጅ ጥያቄ መልሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማንኛውም ተማሪ ግራፉን በእጁ ስሎ ሊያየው ይችላል።

ይህን ሁሉ ከሦስተኛ ዓመት ሜካኒክስ ርቀን አንድ እርምጃ እንኳ ሳንሄድ ሠራነው። ቴንሰር የሚያስፈልገው እኩልዮሹ ከየት መጣ ለማለት ነው። ለእሱ የሴሚስተሩ የመጨረሻ ሳምንታት ይበቃሉ። ያልገባው ቢኖር እንኳ ሜርኩሪን ይዞ ይወጣል።

ስለ ቪዲዮዎቹ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የተወጠረ ጨርቅ ላይ ከባድ ኳስ ተቀምጦ ትንንሾቹ ኳሶች ዙሪያውን ሲሽከረከሩ ያላየ የለም። እኔ ያንን ጨርቅ አልወደውም። ኳሱ ጨርቁን የሚያጎብጠው ከሥር መሬት ስለሚስበው ነው፤ ስበትን በስበት ማስረዳት ይሆናል። ሌላም ጉድለት አለው፤ የሚያሳየው የቦታን መጉበጥ ብቻ ነው። እኛን ከመሬት ጋር አጣብቆ የያዘን ከሞላ ጎደል የጊዜ ጉዳይ ነው። ላይ ያለ ሰዓት ይፈጥናል ብለናል። በነጻ የሚወድቅ አካል ደግሞ በመነሻውና በመድረሻው መካከል የራሱ ሰዓት ብዙ እንዲቆጥር የሚያደርገውን መንገድ ይከተላል። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ከፍ ይላል፤ ላይ ሰዓት ይፈጥናልና። በጣም ከፈጠነ ግን ፍጥነቱ ሰዓቱን ያዘገይበታል። ሁለቱ የሚስማሙባት መንገድ ያቺው የምናውቃት የኒውተን ፓራቦላ ናት። ይህ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይፈጃል። ላግራንጂያን ለምን እንዳስፈለገ ግራ የገባው ተማሪም ምክንያቱን እዚህ ያገኛል።

ሌላው ተቃውሞ ጊዜ ነው። ዲግሪው አራት ዓመት ነው ቢባልም አንደኛው ዓመት ፍሬሽማን ነው። ለፊዚክስ የሚቀረው ሦስት ነው። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው ላይ የማይመጣ ኮርስ ማን ያነባል? ፍርሃቱ ይገባኛል። ስለዚህ ግዴታ ይሁን አልልም። ሁለት ቦታ ብቻ ይሰጠው። ዘመናዊ ፊዚክስ ውስጥ፣ ከልዩ አንጻራዊነት ቀጥሎ፣ ሁለት ሳምንት፦ ነጻ ውድቀት፣ ሰዓትና ከፍታ፣ ጂፒኤስ። ይህ ለሁሉም ይሰጥ፤ መምህር ለሚሆነውም ይበቃዋል። ከዚያ አራተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ባለ ሦስት ክሬዲት ኤሌክቲቭ። አምስት ልጅ ቢመዘገብም ይከፈት። በምርጫው የተቀመጠ አምስት ልጅ ሳይወድ ከተቀመጠ ሃምሳ ይሻላል፤ ማንም መምህር የሚመሰክረው ነው። የመውጫ ፈተናው ውስጥ ደግሞ ባይገባ እመርጣለሁ። ከገባ በማግስቱ ሽምደዳ ይሆናል፤ 43 የሚለውን ቁጥር ከ«ለ» ፊደል ጋር አያይዞ የሚወጣ ተመራቂ አንፈልግም።

አስተማሪ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሴ ድፍረት ያለበት ነው። በዚህ ዘርፍ የተካነ ሰው አያስፈልግም። ሜካኒክስ የሚያስተምረው መምህር ክረምቱን ቁጭ ብሎ ያንብበው። የሕዋ ፊዚክስ ሰዎችም ፔዳ ውስጥ አሉ፤ የጂፒኤሱን ክፍል ከማንም በላይ ያውቁታል። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፣ መሣሪያ አይገዛም። ለፊዚክስ ክፍል በጀት ይህ እንዴት ያለ እፎይታ እንደሆነ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ።

የሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ ለሚፈልጉ ደግሞ የግርዶሽ ነገር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን የ1919ኙን ልኬት መድገም አይቻልም ነበር። በ1919 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤዲንግተን ፕሪንሲፔ ደሴት ላይ፣ ሌላ ቡድን ብራዚል ሶብራል ላይ ሆነው የለኩት በፀሐይ አጠገብ የሚያልፈው የኮከብ ብርሃን አንስታይን በተነበየው 1.75 የቅስት ሰከንድ አካባቢ መታጠፉን ነው፤ በኒውተን ስሌት ከሚገኘው እጥፍ። ለዚያ ኮከቦቹ መታየት አለባቸው። የቀለበት ግርዶሽ ከፀሐይ ዙሪያዋን ያስቀራል፤ ኮከብ አያሳይም። ለእኛ ቀረብ ያለ ሙሉ ግርዶሽ የሚሆነው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል። ባሕር ዳር ላይ ከፊል ብቻ ነው፤ ያውም ክረምት ነው፣ ደመናው ያሳየን እንደሆነ። በ2017ቱ የአሜሪካ ግርዶሽ አንድ ጡረታ የወጡ ፊዚሲስት በግል ቴሌስኮፕና ካሜራ ልኬቱን ደግመው ከአንስታይን ቁጥር ጋር የገጠመ ውጤት አግኝተዋል። ተማሪዎቻችን ሉክሶር መሄድ ባይችሉ እንኳ እንዲህ ያለ ምስል ማንበብ መማር ይችላሉ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ እነዚያኑ ኮከቦች ፀሐይ በሌለችበት፣ በሌሊት፣ ከግርዶሹ ስድስት ወር ግድም ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ቀድሞ ከሆነ ጊዜው ጥር 2019 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል፤ ጣና ላይ ሰማዩ ጥርት የሚልበት ወር ነው።